«የማን ናት?»

የተገፋች ሚስትና የከተማ ማዘጋጃ ቤት፤ ከእንግሊዝ አገር ታሪክ

የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙውን ጊዜ ብዕራቸውን የሚያነሡት የነገሥታትን ጦርነት፣ የመንግሥታትን ውልና የድንበርን መስፋትና መጥበብ ለመመዝገብ ነው። በአራት ግድግዳ ውስጥ የሚደረገው ጦርነት ግን ነጋሪት ያልተጐሰመበት፣ የሰላም ውልም ያልተፈረመለት ስለ ሆነ ከቁጥር ሳይገባ ይቀራል። ቤት የገመና መሸፈኛ ነው ተብሎ ስለሚታመን ጩኸት የሰማ ጎረቤት መስኮቱን ይዘጋል፤ ያየ ዘመድ አንገቱን ይደፋል፤ ዳኛውም «የባልና የሚስት ነገር ነው» ብሎ መዝገቡን ወደ ጐን ያደርጋል። እንዲህ ተሸፍኖ የሚቀረው ነገር ከታሪክ ውጭ የሆነ ይመስላል እንጂ፣ በእውነቱ የራሱ ሕግ፣ የራሱ ክርክር፣ የራሱም የገንዘብ ሒሳብ አለው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህ ታሪክ በአንድ አገር፣ ይኸውም በእንግሊዝ፣ እንዴት እንደ ተጓዘ ነው። የምንከተለውም ንጉሥን ወይም ጠቅላይ ሚኒስትርን ሳይሆን የአጥቢያውን ሹምና የከተማውን ማዘጋጃ ቤት ነው። ምክንያቱም አንዲት ሴት በሌሊት ልጆችዋን ይዛ ከቤትዋ ስትወጣ የምታንኳኳው የፓርላማን በር አይደለም፤ በቅርብ ያለውን በር ነው። በዚያ በር ላይ ስትቆም ለብዙ ዘመን ይነሣ የነበረው የመጀመሪያ ጥያቄ ደግሞ «ምን ደረሰባት?» የሚል ሳይሆን «የማን ናት?» የሚል ነበር። የዚህ ነገር ታሪክ በአብዛኛው የዚያ ጥያቄ ታሪክ ነው። (የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አጥቢያው፣ ድኻውና ያገባች ሴት

በእንግሊዝ አገር ድኻን መርዳት ከጥንት ጀምሮ የገዳማትና የምእመናን ምጽዋት ነበር። በ16ኛው ምእተ ዓመት ገዳማቱ ከተዘጉ በኋላ ግን ሸክሙ ቀስ በቀስ ወደ አጥቢያው ሹማምንት ተላለፈ። በ1601 ዓ.ም.፣ በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን፣ የወጣው የድኾች ሕግ እያንዳንዱ አጥቢያ ከነዋሪዎቹ ግብር እየሰበሰበ የራሱን ድኾች እንዲረዳ አዘዘ። ይህ ሕግ ትልቅ ነገር ነው፤ የተቸገረን ሰው መርዳት የደግ ሰው ፈቃድ ብቻ ሳይሆን የአጥቢያ ሹም ሥራ መሆኑን አጽንቷልና።

ነገር ግን «የራሱን ድኾች» የሚለው ቃል በሆዱ ሙግት ይዞ ነበር። ግብር ከፋዩ «የጎረቤት አጥቢያ ድኻ በእኔ ገንዘብ ለምን ይጦራል?» ማለቱ አልቀረም። ስለዚህ በ1662 ዓ.ም. የወጣው ሌላ ሕግ፣ አዲስ የመጣና ወደ ፊት ሸክም ይሆናል ተብሎ የሚፈራ ሰው ወደ መጣበት አጥቢያ እንዲመለስ ፈቀደ። ከዚያም ወዲያ ሁለት አጥቢያዎች ስለ አንድ ነዳይ በዳኛ ፊት ሲካሰሱ፣ «የእናንተ ነው»፣ «የለም፣ የእናንተ ነው» ሲባባሉ መስማት የተለመደ ነገር ሆነ።

በዚህ መካከል ያገባች ሴት ዕጣ ልዩ ነበር። ሴት ባገባች ጊዜ የትውልድ አጥቢያዋን ትታ የባልዋን አጥቢያ ትይዛለች። እስከ 1870 እና እስከ 1882 ዓ.ም. ሕጎች ድረስ ደመወዝዋም ሆነ ንብረትዋ በሕግ ፊት የባልዋ ነበር፤ ልጆችዋም አስቀድሞ የአባታቸው ነበሩ። ዊሊያም ብላክስቶን የተባለው የሕግ ሊቅ በ1765 ዓ.ም. መታተም በጀመረው መጽሐፉ የቀድሞው ሕግ ባል ሚስቱን በመጠኑ እንዲቀጣ ይፈቅድ እንደ ነበር፣ በእርሱ ዘመን ግን ይህ ሥልጣን አጠራጣሪ እየሆነ መምጣቱን ጽፏል። እንግዲህ ከዱላ የሸሸች ሚስት ወደ እናትዋ መንደር ብትመለስ የመንደሩ ሹም መዝገቡን ገልጦ «የባልዋ አጥቢያ ናት» ሊላት ይችል ነበር። የሸሸችውም ከዚያው ከባልዋ አጥቢያ ነው።

በ1834 ዓ.ም. የድኾች ሕግ ተሻሽሎ አጥቢያዎቹ በአንድነት ተደራጁ፤ አስተዳደራቸውም ለተመረጡ ሞግዚቶች ጉባኤ ተሰጠ። ለየማኅበሩም ዎርክሐውስ የሚባል የድኾች ማደሪያ ተሠራ። በዚያ ቤት በር ላይ ቤተ ሰብ ይለያያል፤ ወንዱ ወደ አንድ ወገን፣ ሴቲቱ ወደ ሌላ ወገን፣ ልጆቹም ወደ ሦስተኛው ወገን ይሄዳሉ። ኑሮው ሆን ተብሎ የከበደ ነበር፤ የሕጉ ዓላማ የባሰበት ሰው ብቻ እንዲገባበት ማድረግ ነበርና። ከባልዋ የሸሸችና ዘመድ የሌላት ሴት የምታገኘው የሕዝብ መጠጊያ ይህ ነበር፤ ወይም ዱላው፣ ወይም ከልጆች መለየቱ። ብዙዎች ዱላውን ቢመርጡ የሚያስደንቅ አይደለም።

ሕግ አለ፤ ቤት የለም

በ19ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ የእንግሊዝ ጋዜጦች ከየፍርድ ቤቱ እየለቀሙ ያወጡት የነበረው የሚስት ድብደባ ዜና የፓርላማውን ጆሮ አነቃ። በ1853 ዓ.ም. በሴቶችና በሕፃናት ላይ ከባድ ድብደባ ያደረሰ ሰው እስከ 6 ወር በሚደርስ እስራት ወይም እስከ 20 ፓውንድ በሚደርስ መቀጫ እንዲቀጣ የሚያዝ ሕግ ወጣ። ሕጉ የታሰበው ለመልካም ነበር። ነገር ግን መቀጫው የሚከፈለው ከየት ነው? ሚስትና ልጆች ከሚበሉበት ከዚያው ማዕድ ነው። እስረኛውስ ሲፈታ የሚመለሰው ወዴት ነው? ወደዚያው ቤት ነው። በመሆኑም ባልዋን የከሰሰች ሴት ተመልሳ እንዲለቀቅላት ስትማጸን ይታይ ነበር። ይህን ያየ ሰው ወላዋይ ይላታል እንጂ የምትለምነው ለነገው ዳቦ መሆኑን አያስተውልም።

በ1869 ዓ.ም. ጆን ስቱዋርት ሚል የተባለው ፈላስፋ ስለ ሴቶች መገዛት የጻፈው መጽሐፍ ታተመ። በ1878 ዓ.ም. ደግሞ ወይዘሪት ፍራንሲስ ፓወር ኮብ የተባለች ጸሐፊ በእንግሊዝ አገር በሚስቶች ላይ ስለሚደርሰው ሥቃይ ብርቱ ጽሑፍ አወጣች። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ፣ ባልዋ በከባድ ድብደባ የተፈረደበት ሚስት ደኅንነትዋ ለወደ ፊቱ የሚያሰጋ ሆኖ ዳኛው ካገኘው፣ ከባልዋ ተለይታ እንድትኖር፣ ተቈራጭ እንድትቀበልና ከ10 ዓመት በታች የሆኑትን ልጆችዋን እንድትይዝ ፈቀደ። በ1891 ዓ.ም. የይግባኝ ፍርድ ቤት ባል ሚስቱን በቤት ዘግቶ ሊይዛት አይችልም ብሎ ፈረደ። በ1895 ዓ.ም. የወጣውም ሕግ በማያቋርጥ ጭካኔ ምክንያት ከቤትዋ የወጣች ሚስት ባልዋ በወንጀል ባይፈረድበትም ወደ ዳኛ እንድትሄድ በር ከፈተላት።

እነዚህ ሕጎች እያንዳንዳቸው በብዙ ድካም የተገኙ ናቸውና ልናቃልላቸው አይገባም። ይሁን እንጂ ሁሉም የሚናገሩት ስለ ፍርድ ነው። ሴቲቱ ፍርዱ እስኪሰጥ ድረስ የት ታድራለች? ተቈራጩን ባልየው ባይከፍልስ ልጆችዋን በምን ታሳድራለች? ለዚህ የሚመልስ አንቀጽ አልነበረም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተትዋንም አላይ» እንደ ተባለው፣ ከባልዋ ተለይታ የመኖር መብት በእጅዋ ሳለ የምትኖርበት ጣራ ግን አልነበራትም። ጣራውን ሊሰጥ የሚችለው የአጥቢያው አስተዳደር ነው፤ እርሱም ያለው ዎርክሐውስ ብቻ ነበር።

የሞግዚቶቹ ጉባኤዎች በ1930 ዓ.ም. ተሰርዘው ሥራቸው ለክፍላተ ሀገርና ለከተማ ምክር ቤቶች ተሰጠ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1948 ዓ.ም.፣ የድኾች ሕግ ጨርሶ ቀረና ምክር ቤቶቹ ድንገተኛ ችግር ለደረሰበት ሰው ጊዜያዊ ማደሪያ እንዲያዘጋጁ ታዘዙ። ማዘጋጃ ቤቶቹም በዚያ ዘመን እጅግ ብዙ ቤቶችን ሠርተው የሚያከራዩ ትልልቅ ባለ ቤቶች ሆኑ። የኪራዩ ውል ግን በአብዛኛው የሚጻፈው በባል ስም ነበር። ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣች ሴት ወደ ቤቶች ክፍል ስትሄድ ብዙ ጊዜ የምትሰማው መልስ «ቤት አለሽ፤ ተመለሽ» የሚል ነበር።

የቺዚክ ቤት

ሃውንዝሎ በምዕራብ ለንደን የሚገኝ የማዘጋጃ ቤት ግዛት ነው። በ1965 ዓ.ም. የለንደን አስተዳደር እንደ ገና ሲደራጅ ብሬንትፎርድና ቺዚክ፣ ሄስተንና አይልዎርዝ፣ ፌልታምም ተጣምረው ቆሙበት። ይህ ማዘጋጃ ቤት ከሌሎቹ የባሰም የተሻለም አልነበረም። ሆኖም በ40 ዓመት ውስጥ ስሙ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይነሣል፤ ሦስቱም ጊዜ የሚያስተምረው ነገር አለ።

የመጀመሪያው በ1971 ዓ.ም. ነው። ወይዘሮ ኤሪን ፒዚና ባልንጀሮችዋ በቺዚክ ሰፈር፣ በቤልሞንት ቴራስ ቁጥር 2፣ ሊፈርስ የተቃረበ ትንሽ ቤት ከማዘጋጃ ቤቱ አገኙ። የጠየቁት የሰፈሩ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው የሚገናኙበት፣ ስለ ገበያና ስለ ኑሮ የሚመካከሩበት ቦታ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱም የሰጠው ለዚሁ ነው። ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ ሰውነትዋ የበለዘ አንዲት ሴት መጣችና ወደ ቤትዋ መመለስ እንደማትችል ተናገረች። እርስዋን ሌላ ተከተለች፤ ያችንም ሌላ። ለሻይ የተከፈተው ቤት የሌሊት ማደሪያ ሆነ። እንግዲህ በኋላ በብዙ አገሮች ምሳሌ የሆነው መጠጊያ የተጀመረው በሊቃውንት ጉባኤ ታቅዶ ሳይሆን፣ ማዘጋጃ ቤት ለሌላ ጉዳይ በሰጠው አሮጌ ቤት ውስጥ ነው።

ዜናው ሲሰማ ሴቶች ከየአገሩ መጡ። በሌሎችም ከተሞች እንዲህ ያሉ ማኅበሮች ተቋቁመው ከየማዘጋጃ ቤታቸው ባዶ ቤት መለመን ጀመሩ። በ1974 ዓ.ም. ብሔራዊ የሴቶች ርዳታ ፌዴሬሽን ሲመሠረት ወደ 40 የሚጠጉ መጠጊያዎች ነበሩ። በ1975 ዓ.ም. የፓርላማው ልዩ ኮሚቴ በትዳር ውስጥ ስላለው ግፍ መርምሮ ባቀረበው ዘገባ ለ10,000 ሕዝብ አንድ የቤተ ሰብ ማደሪያ ያስፈልጋል አለ። በዚህ ሒሳብ 200,000 ሰው ለሚኖርባት ከተማ 20 ቤተ ሰብ የሚያድርበት ቦታ መዘጋጀት አለበት ማለት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ዘገባው ከቀረበ ግማሽ ምእተ ዓመት ሊሞላ ሲቃረብም በእንግሊዝ አገር አልሞላም።

ሁለተኛው ጊዜ የሚያሳዝንም የሚያሳስብም ነው። የቺዚኩ ማኅበር ወደ ሌላ ሰፊ ቤት ተዛውሮ ነበር። ደንቡ አንድ ነው፤ የመጣችን ሴት ከበር አለመመለስ። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ በ1961 ዓ.ም. የቤቶች ሕግ መሠረት በዚያ ቤት ከ36 ሰው በላይ እንዳያድር ወሰነ። መርማሪዎቹ ሄደው ሲቈጥሩ 75 ሰው አገኙ። ወይዘሮ ፒዚ ተከሰሰች፤ ነገሩም በይግባኝ እስከ ሎርዶች ምክር ቤት ደርሶ በ1977 ዓ.ም. ተፈረደባት።

ይህን ሲያነብ አንባቢ በማዘጋጃ ቤቱ ላይ ለመፍረድ ይቸኩል ይሆናል። ነገር ግን ሹሙም ምክንያት አለው። በጠበበ ቤት እሳት ቢነሣ፣ በሽታ ቢገባ፣ የሚጠየቀው ማን ነው? ሕጉም የወጣው ድኾች በተጨናነቀ ቤት እንዳይጐዱ ነው። የመጠጊያው ሴቶችም ምክንያት አላቸው፤ 37ኛዋን ሴት በሌሊት መልሰው ቢያሰናብቱ የምትሄደው ወደ ማን ነው? ሁለቱም እውነት ይዘዋል። ስሕተቱ ያለው በሁለቱ መካከል ነው፤ ብዙ ከተሞች ሊሸከሙት የሚገባውን ሸክም አንድ ቤት ብቻውን ስለ ተሸከመ ነው። በአንድ ቤት 75 ሰው መገኘቱ በሌላ ሥፍራ የተዘጉ ብዙ በሮች ለመኖራቸው ምስክር ነበር።

ከቸርነት ወደ ግዴታ

በ1976 ዓ.ም. ጆ ሪቻርድሰን የተባለች የፓርላማ አባል ባቀረበችው ረቂቅ መሠረት ፍርድ ቤት ደብዳቢውን ከቤት እንዲያስወጣ የሚያስችል ሕግ ወጣ። ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1977 ዓ.ም.፣ ስለ ቤት አልባ ሰዎች የወጣው ሕግ ነው። ይህም ረቂቅ ስቲቨን ሮስ በሚባል አንድ የፓርላማ አባል የቀረበ ነበር። በዚህ ሕግ፣ ወደ ቤትዋ ብትመለስ ግፍ ሊደርስባት የሚችል ሴት በስምዋ ወይም በባልዋ ስም ቤት ቢኖርም እንደ ቤት አልባ ትቈጠራለች። ልጆች ካሏት ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች ማዘጋጃ ቤቱ ቤት እንዲያስገኝላት ይገደዳል። «ቤት አለሽ፤ ተመለሽ» የሚለው መልስ በሕግ ተነቀፈ።

ከዚህም በላይ ሕጉ ያንን የጥንቱን ጥያቄ ዳሰሰው። አንድ ማዘጋጃ ቤት ቤት አልባውን ሰው ቀድሞ ወደ ኖረበት ማዘጋጃ ቤት ሊያስተላልፈው ይችላል፤ ነገር ግን በዚያ ሥፍራ ከቤተ ሰብ ወገን ግፍ የሚያሰጋው ከሆነ ሊመልሰው አይችልም አለ። ከ1662 ዓ.ም. ሕግ ጋር ብናስተያየው የለውጡን ትልቅነት እንረዳለን። ያኔ አጥቢያው እንግዳውን ወደ መጣበት ይመልስ ነበር፤ አሁን ግን የመጣበት ሥፍራ አደገኛ መሆኑ ላለመመለስ ምክንያት ሆነ።

የዚህን ነገር ውስጠ ምሥጢር ለመረዳት የመጠጊያን ጠባይ ማወቅ ያሻል። ትምህርት ቤት ለአካባቢው ልጆች ነው፤ መብራትና ውኃም ለአካባቢው ቤቶች ነው። የከተማው ሰው ግብር ይከፍላል፤ የከተማው ሰው ይጠቀምበታል። መጠጊያ ግን እንዲህ አይደለም። የተገፋች ሴት ደኅንነት የምታገኘው ከባልዋ ስትርቅ ነው፤ መራቅ ማለት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከራስዋ ከተማ ወጥቶ ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ነው። ስለዚህ መልካም መጠጊያ ያለው ማዘጋጃ ቤት በብዛት የሚረዳው የሌላ ከተማ ሴቶችን ነው፤ የእርሱ ሴቶች ደግሞ በሌላ ከተማ ገንዘብ ይረዳሉ። ደኅንነት ርቀትን ይጠይቃል፤ የከተማ በጀት ግን ቅርበትን ይጠይቃል። ሒሳብ ሹሙ በመዝገቡ ላይ «እነዚህ የእኛ ነዋሪዎች አይደሉም» ብሎ ቢጽፍ ቁጥሩ አልተሳሳተም፤ ነገር ግን ሁሉም እንዲሁ ቢጽፍ የትም የሚከፈት በር አይገኝም።

የገንዘቡ ነገር

መጠጊያ ጣራ ብቻ አይደለም። ኪራይ አለው፤ በሌሊት ስልክ የምታነሣ ሠራተኛ ያስፈልገዋል፤ ልጆቹን ወደ አዲስ ትምህርት ቤት የምታስገባ፣ እናቲቱን ወደ ሐኪምና ወደ ጠበቃ የምትወስድ፣ ቋንቋ ለማታውቀውም የምታስተረጕም ሴት ያስፈልገዋል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይህ ወጪ የሚሸፈነው ከልዩ ልዩ ኪስ በተለቀመ ገንዘብ ነበር። ከፊሉ ከከተሞች ርዳታ ፕሮግራም ይመጣል፤ በዚህም ፕሮግራም ማዕከላዊው መንግሥት ከመቶ 75፣ ማዘጋጃ ቤቱ ከመቶ 25 ያዋጣሉ። ከፊሉ ማዘጋጃ ቤቱ በየዓመቱ ከሚሰጠው ድጎማ፣ ከፊሉም ለሴቶቹ ከሚታሰብላቸው የቤት ኪራይ ርዳታ ይገኛል።

ከ1982 ዓ.ም. ጀምሮ የታላቋ ለንደን ምክር ቤት የሴቶች ኮሚቴ አቋቁሞ ለብዙ የሴቶች ማኅበሮች ገንዘብ ሰጠ። ምክር ቤቱ ራሱ በ1986 ዓ.ም. ሲሰረዝ ግን ማኅበሮቹ አሳዳጊው እንደ ሞተበት ልጅ ሆኑ። የለንደን ማዘጋጃ ቤቶች በኅብረት የሚያዋጡት የድጎማ ሣጥን በሕግ ተቋቁሞ ከፊሉን ተረከበ። ይህ የኅብረት ሣጥን ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። ሴቶቹ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው የሚሸሹ ከሆነ ወጪውንም ግዛቶቹ በአንድነት መሸከማቸው ከነገሩ ጠባይ ጋር ይስማማል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለውም ለእንዲህ ያለው ነው።

የአጥቢያ አስተዳደር ሥራ በቤትና በገንዘብ ብቻ አላበቃም። በ1992 ዓ.ም. የስኮትላንድ ዋና ከተማ የኤዲንበራ ምክር ቤት በሴቶች ላይ ስለሚደርሰው ግፍ በከተማው አደባባይ ትልልቅ ሥዕሎችን ሰቀለ። በሥዕሎቹ ላይ የቈሰለ ፊት አልነበረም፤ በደኅና ቤት ውስጥ የተቀመጡ ሴቶችና የሚጫወቱ ልጆች ነበሩ። ከሥሩ የተጻፈው ቃል ግን በዚያ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ይናገር ነበር። ማዘጋጃ ቤት መንገድ የሚጠርግ ብቻ ሳይሆን የሕዝብን ሐሳብም ሊያቃና የሚችል መሆኑን ያ ሥራ አስረድቷል፤ ሌሎችም ከተሞች ተከተሉት።

በ2003 ዓ.ም. ማዕከላዊው መንግሥት ለመጠለያ ርዳታ የሚውለውን ገንዘብ በአንድ ቋት ሰብስቦ ለምክር ቤቶች ሰጠ። በ2009 ዓ.ም. ግን ገንዘቡ ለዚያ ሥራ ብቻ እንዲውል ይጠብቀው የነበረው አጥር ተነሣ። ቀጥሎም መንግሥት ወጪውን ሲቀንስና የምክር ቤቶቹ በጀት ሲጠብ አንዳንድ መጠጊያዎች ድጎማቸውን አጡ። በቸርነት የተሰጠ ነገር በችግር ቀን አስቀድሞ የሚነሣ መሆኑ ታየ።

ከሃውንዝሎ ጋር በሚዋሰነው በኢሊንግ የተነሣው ክርክር ሌላ ነገር አስተማረ። በዚያ ግዛት በሳውዝሆል ሰፈር በ1979 ዓ.ም. የተቋቋመው «የሳውዝሆል ጥቁር እኅትማማቾች» የተባለው ማኅበር ከእስያና ከካሪቢያን ወገን የሆኑ ሴቶችን ይረዳ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ «ገንዘቡ ለሁሉም ሴት እኩል ለሚያገለግል አንድ ድርጅት ይሁን» በሚል ሐሳብ የማኅበሩን ድጎማ ሊያስቀር አሰበ። በ2008 ዓ.ም. ነገሩ ከከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰ። ማዘጋጃ ቤቱ በክርክሩ መካከል ውሳኔውን ቢተውም ዳኛው ፍርዳቸውን ሰጡ። ለልዩ ችግር ልዩ አገልግሎት መስጠት እኩልነትን የሚያፈርስ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ እኩልነትን የሚያመጣ መሆኑን አስረዱ። ቋንቋውን የማታውቅ፣ የመኖሪያ ፈቃድዋ በባልዋ እጅ የተያዘ ሴት ከአገሬው ተወላጅ ጋር አንድ ዓይነት በር ቢከፈትላትም አንድ ዓይነት መንገድ የላትምና።

ሦስተኛው ጊዜ

አሁን ወደ ሃውንዝሎ እንመለስ። አንዲት ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሏት ሴት ከቤትዋ ወጥታ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄደች። ባልዋ በልጆችዋ ፊት እንደሚጮኽባት፣ እንደ ሰው እንደማይቈጥራት፣ ለቤት ወጪ ገንዘብ እንደማይሰጣት፣ ልጆችዋንም እንዳይነጥቃት እንደምትፈራ ተናገረች። ሹማምንቱ መትቷት እንደ ሆነ ጠየቋት፤ አልመታኝም አለች። ስለዚህ በሕጉ የተጻፈው ግፍ አልደረሰባትም፣ ቤት አልባም አይደለችም ብለው ወሰኑ። የበታች ፍርድ ቤቶችም ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ተስማሙ። በጥር 2011 ዓ.ም. ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ለወጠው። ዋናውን ፍርድ የጻፉት ሌዲ ሄል ግፍ የሚለው ቃል የእጅን ምት ብቻ ሳይሆን ማስፈራራትንና ነፍስን የሚጐዳ ሌላ ሥራንም እንደሚያጠቃልል አስረዱ።

በ1971 ዓ.ም. ቤት የሰጠው ማዘጋጃ ቤት፣ በ1977 ዓ.ም. በሰው ብዛት ምክንያት አስፈረደ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ራሱ ተፈረደበት። ይህ የሚያሳየው የሰዎቹን ክፋት አይደለም። ሹም የሚሠራው በፊቱ በተቀመጠው ቃል ነው፤ ቃሉ ጠባብ ሲሆን ልቡ ሰፊ የሆነ ሹም እንኳ እጁ ይታሰራል። ስለዚህ ቃሉን ማስፋት ያስፈልግ ነበር።

ይህም በሚያዝያ 2021 ዓ.ም. በጸደቀው ሕግ ተፈጸመ። በዚያ ሕግ ግፍ ማለት ድብደባን ብቻ ሳይሆን ዛቻን፣ በገንዘብ ማስጨነቅንና ሰውን አስገዝቶ መያዝን እንደሚያጠቃልል ተጻፈ። ትልልቆቹ የእንግሊዝ ምክር ቤቶች የአካባቢያቸውን ችግር እንዲመረምሩ፣ በመጠጊያ ላሉት ሴቶችና ልጆች ድጋፍ እንዲሰጡ በሕግ ተገደዱ። ማዕከላዊው መንግሥትም ለመጀመሪያው ዓመት 125 ሚሊዮን ፓውንድ መደበላቸው። ከሌላ ግዛት ሸሽታ የመጣችም ሴት በዚህ ድጋፍ ውስጥ ተቈጠረች። በ1601 ዓ.ም. «የራሱን ድኾች» ተብሎ የተጀመረው ነገር ከ420 ዓመት በኋላ «በደጁ የተገኘውን ሁሉ» ወደሚል ደረሰ።

በዚህ ሥራው ተፈጸመ አንልም። በ2020 ዓ.ም. የለንደኑ የክሮይደን፣ በ2023 ዓ.ም. ደግሞ የበርሚንግሃም ምክር ቤት ገቢያቸው ወጪያቸውን መሸፈን እንዳቃተው በይፋ አስታውቀዋል። ግዴታ የተጻፈበት ወረቀት ገንዘብ ካልተከተለው ያው የሰማይዋ ላም ይሆናል። የሆነ ሆኖ ግዴታና ቸርነት አንድ አይደሉም። ቸርነት ሲቀር የሚከሰስ የለም፤ ግዴታ ሲቀር ግን የሚጠየቅ ሹም አለ።

ከዚህ ታሪክ እያንዳንዳችን የምንወስደው አለ። ተማሪ የሆነ፣ ታላላቅ ለውጦች በታላላቅ አዳራሾች ብቻ እንዳልተወለዱ ይማርበታል። መምህር የሆነ፣ በክፍሉ ውስጥ ዝም ብሎ የሚቀመጠው ልጅ ከምን ቤት እንደ መጣ ማሰብ እንደሚገባው ይማርበታል። በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ ደግሞ፣ በጠረጴዛው ላይ ያለው ቅጽ የሚያስቀድመው ጥያቄ የትኛው እንደ ሆነ ደጋግሞ መመርመር አለበት። ሌሊት የተንኳኳ በር ሲከፈት መጀመሪያ «የማን ናት?» የሚል ሹም መዝገቡን ይጠብቃል፤ መጀመሪያ «ምን ደረሰባት?» የሚል ግን ሰውን ይጠብቃል። መዝገቡንም ቢሆን ሲነጋ ሊሞላው ይችላል።